75 ሊትሩ አኳሪየምና ክላውንፊሾቼ፦ ከ14 ወር በኋላ

መጀመሪያ የገዛሁትን ልንገራችሁ። 75 ሊትር የሚይዝ የመስታወት አኳሪየም ነው። ፊልተሩ፣ ፓምፑና መብራቱ አብረውት ይመጣሉ። ከኋላው በጥቁር ፕላስቲክ የተከለሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፣ ውኃው በነሱ በኩል እየዞረ ይጣራል። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ለሚበልጥ ቦታ የለንም። ካርቶኑ ላይ ሁለት ክላውንፊሾች (በጨው ውኃ የሚኖሩ ብርቱካናማ ትንንሽ የባሕር ዓሦች) ጎን ለጎን ሲዋኙ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ልጄ ያንን ፎቶ አይታ ነው "እሱን" ያለችኝ።

ይኸው 14 ወር ሞላው። አንድ ዓሣ ሞቶብኛል፣ አንዷን ለጥቂት አትርፌያታለሁ። ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ካርቶኑ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ፤ የተጣላ ወይም የታመመ ዓሣ ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ። ይህን ግምገማ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው።

ስለ ዕቃው ቶሎ ልበል። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፣ እስካሁን አልተጫረም። መብራቱ ለዓሣና ለቀላል ኮራል ይበቃል። ፓምፑ በስምንተኛው ወር መንጫጫት ጀመረና ቆመ። ፈትቼ ሳየው ውስጡ እንደ ጀበና ጥቀርሻ ድርቅ ያለ ነጭ ካልሲየም ይዞታል። አቼቶ ውስጥ አሳድሬ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ተነሣ። አሁን በየሁለት ወሩ እንደዚያ አደርገዋለሁ። ማሞቂያው አብሮ አይመጣም፣ በሱ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ውኃውን አምስት ሳምንት ያለ ዓሣ አዞርኩት። ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ድረስ ማለት ነው። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ሰፈራችን ካለ የዓሣ መደብር ኦሴላሪስ የሚባለውን የክላውንፊሽ ዓይነት ሁለት ገዛሁ። ሻጩ "ጥንድ ናቸው" አለኝ። ሁለቱም አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብታነሷቸው አትለዩአቸውም። ደስ ብሎኝ ይዤ ገባሁ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ጋ ነው።

ክላውንፊሽ ሲፈለፈል ሴት የለም። ከመሃላቸው ትልቁና ጉልበተኛው ሴት ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለው ወንድ ሆኖ ይቀራል። ሴቲቱ ከሞተች ወንዱ ተለውጦ ቦታዋን ይይዛል። አንዴ ሴት ከሆነ ግን ወደ ወንድ መመለስ የለም። ስለዚህ እኩል የሆኑ ሁለት ዓሦች አንድ ላይ ስታስገቡ "አለቃው ማነው" የሚለውን በጥርስ ነው የሚለዩት። ሁለቱም ሴት ሆነው ከቆዩ ደግሞ እስከ ሞት ይደርሳሉ። ጥንድ የሚባለው አንዱ በግልጽ ትልቅ፣ ሌላው በግልጽ ትንሽ ሲሆን ነው። ሌላው ምልክት መንቀጥቀጥ ነው። ትንሹ ትልቋ ስትመጣበት ጎኑን ሰጥቶ ሰውነቱን ያርገበግባል፤ እጅ ሰጥቻለሁ ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ በሽታ ይመስለዋል። የኔዎቹ ግን አንዳቸውም አልተንቀጠቀጡም። እኔ ደግሞ ያኔ አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን መነካከስ ጀመሩ። አፍ ለአፍ ተያይዘው ይሽከረከራሉ። በአምስተኛው ቀን የአንዱ ጅራት ተተልትሏል። በስድስተኛው ቀን ተሸናፊው ላይኛው ጥግ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተለጥፎ ቀረ። ምግብ ስበትን ሊወርድ ይሞክራል፣ ያቺኛዋ ከታች ተወርውራ ትመልሰዋለች። "ይለምዳሉ" ብዬ ተውኳቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ጅራቱ የተቀደደ ቀን መለየት ነበረብኝ፣ መለያ ቦታ ግን አልነበረኝም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ጥግ የያዘው ዓሣ ቆዳ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የንክሻ ቁስል መሰለኝ። ከሥራ ስመለስ ግን ልጋግ ሆኗል። ከጎኑ ላይ እንደ ቀጭን ላስቲክ ተልጦ ይንጠለጠላል፣ ብርቱካናማው ቀለም ገርጥቷል። ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል፣ አፉን ወደ ውኃው ፊት አንጋጧል። ሌሊቱን ሞተ።

ብሩክሊኔላ ነው። ዓይን የማያየው ጥገኛ ነው፣ ቆዳና ስንጥብ ይበላል። ክላውንፊሽን አዘውትሮ ስለሚይዝ የክላውንፊሽ በሽታ ይሉታል። እየተከፈለ በቀጥታ ስለሚራባ በጣም ይፈጥናል፣ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ለሌሎች የባሕር ዓሣ በሽታዎች የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት ለዚህ አይሠራም። የሚሠራው ፎርማሊን ነው። በነጋታው ያሸነፈችውም ላይ ያው ነጭ ጭጋግ ጀመረ።

የዚያን ቀን ሥራ አልገባሁም። አንድ ባልዲ የጨው ውኃ አዘጋጀሁ፣ ሙቀቱን ከአኳሪየሙ ጋር እኩል አደረግኩ። ፎርማሊኑን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ለክቼ ጨመርኩ። ጓንት አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ ነው፤ ፎርማሊን ለሰውም መርዝ ነው፣ ካንሰር ያመጣል፣ በዋዛ አትያዙት። ኦክስጅን ስለሚቀንስ አየር የሚነፋ የአየር ድንጋይ ውስጡ መኖር አለበት። 45 ደቂቃ ባልዲው አጠገብ ተንበርክኬ ስንጥቧን ስቆጥር ቆየሁ። ከዚያ ወደ አኳሪየሙ ሳይሆን ንጹሕ ውኃ ወዳለበት ሌላ ዕቃ ከተትኳት። በበሽታው ውኃ ውስጥ መልሳችሁ ከከተታችኋት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ከቀን በኋላ ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን በላች።

በሽታው ከመደብሩ ውኃ ጋር መጥቶ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱም እኩል ገጥሟቸው ሳለ ቀድሞ የወደቀው ሲነከስና ሲራብ የሰነበተው ነው። ጠብና በሽታ ለየብቻ የሚጻፍላቸው ሁለት ችግሮች አድርጌ ነበር የማስባቸው፣ አሁን እንደዚያ አላስብም። የሚባረር ዓሣ አይበላም፣ አያርፍም፣ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ በንክሻ ይላጣል። ጥገኛው የሚገባው በዚያ ነው።

ዋናውን አኳሪየም 76 ቀን ያለ ዓሣ ተውኩት። ለብሩክሊኔላ ይህን ያህል ላያስፈልግ ይችላል። ግን ነጭ ነጥብ የሚያመጣው ሌላ ጥገኛ፣ ክሪፕቶካሪዮንም ካለ በዚሁ እንዲጠፋ ብዬ ነው፤ እሱ ዓሣ ካላገኘ በመጨረሻ ይሞታል። እሷ በዚያ ጊዜ 40 ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነበረች። የስፖንጅ ፊልተር፣ ማሞቂያና መደበቂያ የሚሆናት የቧንቧ ክርን አደረግኩላት። ቆንጆ አይደለም። ግን በ14 ወር ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የጠቀመኝ ለዚያ ዕቃና ቀጥዬ ለምነግራችሁ ሣጥን ያወጣሁት ነው።

በስድስተኛው ወር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል፣ በሰው እጅ የተራባ ትንሽዬ ኦሴላሪስ ገዛሁ። የቀድሞዋ ያኔ ሰባት ሴንቲ ሜትር ደርሳለች። ትንሹን ወር ሙሉ በዚያው ፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው አቆየሁት። ከዚያ የማለማመጃ ሣጥኑን ሰቀልኩ። ውኃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ያሉት ግልጽ የአክሪሊክ ሣጥን ነው፣ በማግኔት ከውስጥ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። ሰላሳ ዶላር አይሞላም።

መጀመሪያ ስታየው በግንባሯ ሣጥኑን ጓ! አደረገችው። ድምፁ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ደጋገመችው። ትንሹ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጥግ ያዘ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጎኑን ሰጥቶ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተርገበገበ። እሷ ቆመች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ገጨችው፣ እንደገና ተርገበገበ። በነዚያ ቀናት መግጨቷ እየቀነሰ ሄደ፣ በስምንተኛው ቀን ማታ ሣጥኑ አጠገብ ተኝታ አገኘኋት። በአሥረኛው ቀን ድንጋዮቹን ቦታ ለዋወጥኩ፣ "የኔ" የምትለው ጥግ እንዳይኖራት። መብራት አጥፍቼ ለቀቅኩት። ሁለት ቀን አባረረችው፣ አልነከሰችውም። ከዚያ ወዲህ አብረው ናቸው።

ማሞቂያው ደግሞ በዘጠነኛው ወር ጉድ ሊሠራኝ ነበር። በርቶ ቀረ። ማታ ስገባ ውኃው 30.8 ዲግሪ ሆኗል፤ የኔ ሁልጊዜ 25 እና 26 መሃል ነው። ሁለቱም ያለከልካሉ። ነቀልኩት፣ ክዳኑን አነሣሁ፣ ቬንትሌተር ውኃው ፊት ላይ አዞርኩ፣ ቀስ እያለ ወረደ። በረዶ መጨመር አያስፈልግም፣ ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ይጎዳል። አሁን ሙቀቱ ካለፈ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አለኝ። ያለሱ ማሞቂያ አትሰኩ።

ውኃን በተመለከተ ዋሽንግተን ዙሪያ ላላችሁ አንድ ነገር። እዚህ የቧንቧው ውኃ ዓመቱን አብዛኛውን የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ በየፀደዩ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይለውጡታል። ክሎራሚን ባልዲ ውስጥ አሳድራችሁ በኖ የሚጠፋ አይደለም። እኔ የተጣራ ውኃ ወደ መጠቀም ገባሁ። አኳሪየሙ ክረምት ማሞቂያ ሲበራ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ይተናል። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለም፤ የሚሞላውም ጨው በሌለው ውኃ ነው። የጨው መጠኑን መጀመሪያ በርካሽ መለኪያ ነበር የማየው፣ 1.025 ይለኛል። ሪፍራክቶሜትር የሚባለውን የተሻለ የጨው መለኪያ ስገዛ 1.029 ሆኖ ተገኘ፣ ጨው በዝቶበታል ማለት ነው። ለወራት ተሳስቼ ነበር።

አሁን ትልቋ እኔንም ትነክሳለች። መስታወት ለማጽዳት እጄን ሳስገባ አውራ ጣቴን ትይዛለች። አያቆስልም ግን ያስደነግጣል። ሁለቱ አንድ ድንጋይ በአፋቸው ማጽዳት ጀምረዋል። ብዙ ጊዜ ይህ እንቁላል ሊጥሉ ሲሉ የሚያደርጉት ነው፣ ስለዚህ አልፈርድባትም። ረጅም እጀታ ያለው ማጽጃ ገዛሁ። ኦሴላሪስ ከዘመዶቹ መካከል ረጋ ያለ የሚባለው መሆኑን አስቡት። የኛው ቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖረው ባለ ሁለት መስመሩ ባይሲንክተስ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ጠባዩም ከረር ያለ ነው። የአገሬ ባሕር ዓሣ ብላችሁ በስሜት 75 ሊትር ውስጥ እንዳትጨምሩት። እኔም አምሮኝ ነበር፣ ተውኩት። አኔሞኒም (ክላውንፊሽ ባሕር ውስጥ የሚጠለልበት አበባ መሳይ እንስሳ) አልገዛሁም፤ ክላውንፊሽ ቤት ውስጥ ያለሱ ይኖራል፣ አኔሞኒ ደግሞ በአዲስ ውኃ ቶሎ ይሞታል፣ ሲሞትም ውኃውን ይዞ ነው የሚበላሸው።

እንደገና ብጀምር ይህንኑ አኳሪየም እገዛለሁ ወይ? አዎ፣ ለሁለት ዓሣ። ግን አኳሪየሙ ቤት ከመግባቱ በፊት የፕላስቲክ ዕቃው፣ ሣጥኑና የሙቀት መቆጣጠሪያው ቀድመው ይገዛሉ። ገንዘብ ካነሰኝ ኮራሉን ለኋላ አቆየዋለሁ።

ልጄ ሦስተኛ ካልጨመርን ትለኛለች። በባሕር ውስጥ ከጥንዶቹ ሥር ትንንሾች አብረው ይኖራሉ፤ በዚህ ስፋት ግን ሦስተኛው የሚሸሽበት የለውም፣ ከጥንዱ ጋር አልሞክረውም። ለልደቷ ዓሦችን ከጥገኛ የምታጸዳ የጽዳት ሽሪምፕ ገዛንላት። ትልቋ ሁለት ቀን አሳደደቻት፣ አሁን ግን ወደ ድንጋዩ እስካልተጠጋች ድረስ ትተዋታለች።