“የፒያሳ ቤት ጥድ ነው” ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ

ወገን፣ የተበላሁትን ብር ለማስመለስ አይደለም የምጽፈው፤ እሱ ሄዷል። ግን በአሮጌ እንጨት ለልጃችሁ አልጋ ወይም መደርደሪያ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጃችን ሰባት ወር ሞልቷታል። ተሠርቶ የሚሸጥ የሕፃን አልጋ ዋጋ ጠይቀን ደንግጠን ተመለስን። እኔ ደግሞ ከአባቴ የቀረችኝ መጋዝና መላጊያ አለችኝ፤ እጄም ትንሽ ይታዘዛል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ከዚያም ካዛንቺስ ሲፈርስ የድሮ ቤቶች በር፣ ወለልና ወራጅ እየተጫነ ሲሄድ አይቼ ልቤ ተነስቷል። ጥድ ማለት ምስጥ የማይደፍረው፣ ሽታው ቤት የሚያውድ እንጨት ነው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ጥድን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ ከከለከለ ወዲህ ደህና ጥድ የሚገኘው በአብዛኛው ከአሮጌ ቤት ነው። ይህን ሻጮቹም አሳምረው ያውቃሉ።

ቴሌግራም ላይ “የፒያሳ ቤት ጥድ” የሚል ማስታወቂያ ከነፎቶው አይቼ ደወልኩ። ክምሩ ያለው መርካቶ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሰውዬው አፉ ማር ነው። ስለ እንጨቱ ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው ያወራኝ፦ የማን እንደነበር፣ ሰገነቱ እንዴት እንደሚያምር፣ ሲፈርስ ሰፈሩ እንዴት እንዳለቀሰ። ከላይ ያለውን ጣውላ አንስቶ በመጋዝ ጫፉን ቆረጠልኝ፤ ቀይ ነው፣ ሽታው ያውዳል። ግቢው ራሱ ጥድ ጥድ ይላል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? 24 ፍሬ፣ አንዱን በ900፣ በድምሩ 21,600 ብር በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ የለም። ዳማስ ተከራየን፤ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጫኝና አውራጅ የጠየቁኝን አልነግራችሁም፣ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው።

የታችኛው ብሎክ ላይ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። በረንዳ ላይ ስላግ ሰምተው መጡ። ከክምሩ መሀል አንዱን ዝቅ ከፍ አድርገው መዘኑት፣ ጫፉን ቆረጡት፣ አሸተቱት። “ልጄ፣ ይሄ ጥድ ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኝ” አሉኝ።

እውነተኛ ጥድ አምስት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ከላይ የተደረደሩት። ስምንቱ ለኮንክሪት መሙያ ያገለገለ ጣውላ ነው፤ ሲሚንቶው ተፍቆ ቀላ ያለ ቫርኒሽ ተቀብቶበታል። ሰባቱ እንዲሁ ቫርኒሽ የተቀባ የባህር ዛፍ ሞራሌ፣ አራቱ ደግሞ ቀለም የተቀባ የድሮ በር ሳንቃ። ሽታውስ? በየጣውላው መሀል የጥድ ሰጋቱራ ነስንሰውበታል። እንጨቱን ስናራግፍ የወጣው ሰጋቱራ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ነበር፤ እኔ ቂሉ “የመጋዝ ትርፍ ነው” ብዬ አልፌዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የገንዘብ ነው። ያስፈራኝ ሞራሌው ነው። በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ሲመታው በቫርኒሹ ሥር ጥቁር ነገር ማላብ ጀመረ። ባለቤቴ “ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል” አለች። የተቃጠለ ዘይት ነበር። ምስጥ እንዳይበላው ባህር ዛፍን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት አገር ያወቀው ዘዴ ነው፤ ለአጥርና ለጣሪያ ይሁን። ነገር ግን ዘይቱ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ካንሰር አምጪ ኬሚካሎችና ብረታ ብረት ይዞ ይወጣል። ጥርስ የምታበቅል ልጅ ደግሞ የአልጋዋን ጠርዝ ትግጣለች፤ የምትግጠው ያንን ነበር።

የበር ሳንቃዎቹም ቀላል አይደሉም። የድሮ ዘይት ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን ቀለም ውስጥ ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን በር ማን ለክቶት ያውቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን አደጋ የለውም የሚባል የሊድ መጠን የለም ይላል። ዋናው ጥፋት ደግሞ እኔ የጀመርኩት ነበር፤ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ። አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ ልጅ በእጇ ትዳብሰዋለች፣ እጇ አፏ ውስጥ ይገባል። አንዷን ሳንቃ ግማሽ ድረስ ፈትጌያት ነበር። ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ወለወልን፣ ለሐኪምም ነገርን። ጥርጣሬ ያለባችሁን ቀለም አትፈትጉ፤ ለልጅ ዕቃ ባይውል ይሻላል።

ሽማግሌው ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ከላይ ያለውን ሻጩ ይቁረጥላችሁ፣ እናንተ ግን ከመሀልና ከታች መርጣችሁ አስቆርጡ፤ ቫርኒሽ የሚያታልለው ፊቱን እንጂ አዲስ የተቆረጠ ጫፍን አይደለም። ከቆረጣችሁ በኋላ ሰጋቱራውን አራግፋችሁ እንጨቱን ራሱን አሽትቱ። ባህር ዛፍ ሲያነሱት ከጥድ ይከብዳል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፦ እኔ የተደበቀ ሚስማር ሳላይ እንጨት ቤት አስገብቼ የማሽኑን ምላጭ ሰብሬ 1,200 ብር ከፍያለሁ። የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ካያችሁ ጥቁር ጨርቅ አንጥፋችሁ ጥቂት ቀን አስቀምጡት፤ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ከተራገፈ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ፣ ሌላውንም የቤት ዕቃ ይወርሳል። አልጋ ከሠራችሁ ደግሞ በዘንጎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ይህ ከማጭበርበሩ ጋር አይገናኝም፣ ግን ብዙ አናጢ ሲያሰፋው አይቻለሁ።

ለሰውዬው ደወልኩ። መጀመሪያ “ወንድሜ፣ አይተህ ነው የገዛኸው” አለኝ፤ ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ። ባለቤቴ “ሄደህ አትጣላ” ስላለችኝ አልሄድኩም። ከአምስቱ ጥድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መደርደሪያ ወጣቸው፤ ልጃችን ፍራሽ ላይ ትተኛለች።

ትናንት ማታ ያው ፎቶ፣ ያው ክምር፣ ከላይ ያው አምስት ቀይ ጣውላ፣ እንደገና ተለጥፏል። አሁን “የካዛንቺስ ቤት ጥድ” ሆኗል፤ ዋጋውም አንዱ 1,100 ብር ገብቷል።