ሻንጣዬ በዶላር አደረ

ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ ፔንሲዮን እይዛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እማዬ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ዳር ወጣች። እኔ ደግሞ ለነሐሴ 24 ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስያለሁ፣ ጉዞው የሚነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከጊዮርጊስ አካባቢ ስለሆነ እዚያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ።

ከፍራንክፈርት በቴሌግራም ስጠይቅ 1,800 ብር ተባልኩ። ደርሼ ፓስፖርቴን ሳወጣ 45 ዶላር ሆነ። ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ሰጠሁት፤ ልጁ ቀኑ እንዳለፈ ሎተሪ አገላብጦ አየውና መለሰልኝ። «ሲስተሙ ነው እህቴ።» ሲስተሙ ደብተር ነው፣ አይቼዋለሁ። መሽቶ ስለነበር እየከነከነኝ ከፈልኩ።

የባሰው ስመለስ ነው። ስሄድ ሂሳቤን ዘግቼ፣ ቁልፍ አስረክቤ፣ አንዷን ሻንጣ ብቻ አስቀምጡልኝ ብዬ «ችግር የለም» ተብያለሁ። ከሦስት ሌሊት በኋላ እግሬ ተልጦ፣ በጭቃ ተለውሼ ስመጣ 135 ዶላር! ለምን? «ሻንጣዎ አድሯላ።» የት? «ክፍልዎ ውስጥ።» እኔ የለቀቅኩትን ክፍል ሻንጣዬ ተከራይቶት ኖሯል። ጮህኩ፣ እንባዬም መጣ፣ ባለቤቱ ተጠርቶ በስንት ጭቅጭቅ 60 ላይ ቆመ። ደረሰኝ ስል ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል።

አምና ስፔን ውስጥ ካሚኖ የሚሉትን የተሳላሚዎች የእግር መንገድ ከሳሪያ ከተማ ተነስቼ የመጨረሻውን መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ሊባኖስም ያው መቶ ገደማ ነው። እዚያ ሻንጣሽን ጠዋት ትተሽ ትወጫለሽ፣ በጥቂት ዩሮ ማታ የምታድሪበት ቤት ቀድሞሽ ይጠብቅሻል። የአልጋውም ዋጋ ለአገሬውም ለእንግዳውም አንድ ነው። አገሬ ገብቼ ይሄን ማለቴ ራሱ ያናድደኛል።

የጉዞ ማኅበሩን ግን አልማቸውም። ትኬቱን የገዛሁት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከተከሏት ድንኳን ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ ቀን አይቆርጡም። አስተባባሪዋ ለጉዞው ብዬ የገዛሁትን ቡትስ አይታ «በዚህማ እንጦጦንም አታልፊ» አለችና አሮጌውን ስኒከሬን አስደረገችኝ። ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ለብርዱ ጋቢ፣ ለዝናቡ ላስቲክ። የሱሉልታ ብርድ ነሐሴ ላይ አጥንት ይሰብራል። ጫንጮና ሙከ ጡሪ ያደርነው አዳራሽ ውስጥ ሳር ተጎዝጉዞልን ነው፣ አንዲት እናት ውሃ አሙቀው እግራችንን ካላጠብኩ ብለው ሲለምኑን እኔ አፍሬ ተደበቅኩ። ለዚህ ሁሉ፣ የመመለሻ አውቶቡሱን ጨምሮ፣ የከፈልኩት የፔንሲዮኑን የአንድ ሌሊት ግማሽ አይሞላም።

ፒያሳ አልጋ የምትይዙ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በብር ይሁን በዶላር፣ ሻንጣስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ለከርሞ ሻንጣዬን እማዬ ጋ ጥዬ፣ ማታውኑ መጥቼ ከተጓዦቹ ጋር ቅጥሩ ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ አድራለሁ።