ከገንዘቤ በፊት ስራዬን ለጠየቀኝ ባለሙያ

እጁ ይባረክ! ላፕቶፕ እንድመርጥ የረዳኝን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን ከፈለግኩ ሰነበትኩ። ስሙን አልጽፍም። «ምስጋናው ይበቃኛል፣ ስሜን ተይው» ስላለኝ ቃሉን አክብሬያለሁ። ስራውን ግን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ ላፕቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ ከዚህ የምትወስዱት ነገር አይጠፋም።

ሙያው ጥገና ነው። ከዚያ ጎን ለጎን እቃ መግዛት ለሚፈልግ ሰው አብሮ ሄዶ ያያል፣ ይፈትሻል፣ ይመርጣል። የሚያስከፍለው አስቀድሞ የተነገረ የድካም ዋጋ ብቻ ነው። ከሻጭ ኮሚሽን አይቀበልም። ይህን መጀመሪያውኑ ስለነገረኝ «ይሄን ውሰጂ» ሲለኝም ሆነ «ተይው» ሲለኝ ልቤ አልተጠራጠረም።

እኔ የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ቀኔ በኤክሴል ይጀመራል፣ በኤክሴል ያልቃል። መሀል ላይ ኢሜይል አለ፣ የቪዲዮ ስብሰባ አለ፣ ሳልዘጋቸው የሚውሉ የብራውዘር ገጾች አሉ። የያዝኩት ገንዘብ የተቆረጠ ነበር፤ ከየትም የሚጨመር የለም። ብዙ ሻጭ ዘንድ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይዘሻል?» ነው። መልሱን እንደሰማ ልክ በዚያ ዋጋ ያለ እቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል። የሱ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ምን ትከፍቺበታለሽ?» የሚል ነበር።

በቃል መልሴም አላበቃም። አሮጌውን ላፕቶፕ እንዳመጣው ጠየቀኝና እንደ ዘወትሩ ስሪበት አለኝ። እኔ ትልቁን የኤክሴል ፋይሌን ከፍቼ ስሰራ እሱ ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እንደተጠመዱ የሚያሳይ የዊንዶውስ መስኮት) ላይ አፍጥጦ ያያል። ሚሞሪው (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚያርፉበት ጊዜያዊ ቦታ) ጢም ብሏል። ሃርድ ዲስኩ መቶ በመቶ ላይ ቆሟል። ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሰራው ክፍል) ግን ግማሽ እንኳን አልደረሰም። «አየሽ? የሚጎትትሽ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ሚሞሪና ዲስኩ ናቸው» አለኝ። ገንዘቤ የት ላይ መዋል እንዳለበት ያን ጊዜ ተወሰነ። ከልቤ የምመክራችሁም ይህን ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት፤ ምን እንደጎደላችሁ ይነግራችኋል።

«ታዲያ ይሄኑ ብታድሰውስ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሚሞሪ ተጨምሮ ዲስኩ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ማከማቻ) ቢቀየር ፍጥነቱ እንደሚመለስ አልደበቀኝም። ችግሩ ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ጄኔሬሽን (ሰባተኛ ትውልድ) መሆኑ ነው። ከጥቂቶች በቀር ዊንዶውስ 11 በፕሮሰሰር ሰሪው ኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የሰው ሂሳብ የምይዝበት ማሽን የደህንነት ማሻሻያ ሳያገኝ እንዲቀር አልፈለገም። አሮጌው ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ተጭኖበት አሁን ልጆቼ ጽሁፍ ይለማመዱበታል።

ለገበያ ስንወጣ እኔ ዓይኔን የጣልኩት አንድ ቀጭን፣ ከነካርቶኑ ያለ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ዋጋውም ይስማማኛል። እሱ ዝርዝሩን አነበበልኝ፦ 4 ጂቢ ሚሞሪ፣ 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ (በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገኝ ዘገምተኛ) ማከማቻ። ሁለቱም ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው፤ ነገ ልጨምር ብትሉ አይጨመርም። ከዚያ የነገረኝ ነገር አስደነገጠኝ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ዝቅተኛው ልክ 4 ጂቢ ሚሞሪና 64 ጂቢ ማከማቻ ነው። ላፕቶፑ አዲስ ቢሆንም ዝቅተኛውን መስፈርት በአፍንጫው ነው ያለፈው! ዊንዶውሱ ራሱ ብዙውን ቦታ ይይዝና ጥቂት ማሻሻያ ሲመጣ «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል። በዚያው ዋጋ፣ ለቢሮ ተብሎ በጠንካራ አካል የተሰራ፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻልሻል አለኝ። የዚህ አይነቶቹ የዴል ላቲቲዩድ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድና የኤችፒ ኤሊትቡክ የሚባሉት ናቸው። መለዋወጫቸው ይገኛል፤ አብዛኞቹም ለመፍታት አያስቸግሩም።

ያገለገለ እቃ ሲባል ብዙ ሰው ይፈራል፣ መፍራቱም ልክ ነው። የባለሙያው ዋጋ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ሻጭ «ይሄ አይ ሰቨን ነው፣ ያኛው አይ ፋይቭ ስለሆነ ይቀንሳል» ብሎ ሁለት ላፕቶፖች አቀረበልን፤ ሁለቱም የኢንቴል ፕሮሰሰር ደረጃ ስሞች ናቸው። እሱ ተለጥፎ የሚታየውን ስቲከር አልፎ ሙሉ ቁጥሩን ከሲስተሙ ውስጥ አወጣ። ውዱ አይ7-7500ዩ ነው፣ ርካሹ አይ5-8250ዩ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ይነግራል፦ 7500 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ። ያ ሰባተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን ሁለት ኮር (ስራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ብቻ ነው ያለው። ስምንተኛው አይ ፋይቭ አራት አለው፣ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ ይቀበላል። በብዙ ገንዘብ ያነሰ ማሽን ልገዛ ነበር ማለት ነው። አምስት አሃዝ ሲሆን፣ ወይም እንደ 1135ጂ7 በ1 ሲጀምር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይነበባሉ፤ 10210 አስረኛ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ «ኮር አልትራ» የሚል ስያሜ ስላመጣ ይህ አነባበብ ለአዲሶቹ አይሰራም።

በመጨረሻ የያዝነው አይ5-1135ጂ7 ነው፣ አስራ አንደኛ ጄኔሬሽን። 8 ጂቢ ሚሞሪ ነበረው፤ አንድ ባዶ ማስገቢያ ስላለው ሌላ 8 ጨመረበትና 16 ሆነ። እንደኔ ላለ ስራ 8 ዝቅተኛው ነው፣ 16 እፎይታ ነው። ማከማቻው 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ነው። ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ ወደ 500 ይጠጋል፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሺዎች ይገባል። እሱ ግን በትልቁ ቁጥር አላባበለኝም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ስትሄጂ ልዩነቱን በደንብ ታውቂዋለሽ፤ በሁለቱ ኤስኤስዲዎች መሀል ያለውን ግን በኤክሴል ስራ ብዙም አትለዪውም አለኝ።

ከሁሉም የገረመኝ ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ «ቁጥር ስትጽፊ ከላይኛው መስመር ነው ወይስ ከጎን ካለው?» ሂሳብ የሚሰራ ሰው ጣቱ ከጎን ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ለምዷል። ይህን ስነግረው ባለ 14 ኢንች ላፕቶፖችን በሙሉ ወደ ጎን አደረጋቸው፤ አብዛኞቹ ያ ሰሌዳ የላቸውም። ባለ 15.6 ኢንቹ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን እኔ በብዛት ቁጭ ብዬ ነው የምሰራው። ሁልጊዜ በትከሻችሁ የምትይዙ ከሆነ ምርጫው ይገለበጣል። ስክሪኑም 1920 በ1080 እንዲሆን አጥብቆ ያዘ። ከ1366 በ768ቱ ጋር ሲነጻጸር ነጥቦቹ እጥፍ ገደማ ስለሆኑ ብዙ አምድ በአንዴ ይታየኛል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ፣ ተች ስክሪን? ለስራሽ አያስፈልግም ብሎ አለፋቸው።

ፍተሻው ላይ አይቸኩልም። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ፤ ባትሪው ሲመረት የሚይዘውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። መጀመሪያ የቀረበልን 50 ዋት ሰዓት (የባትሪ መያዝ አቅም መለኪያ) ሆኖ የተሰራ ነበር፤ የሚይዘው ግን 27 ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ሌላ አምጣ» አለ፣ በትህትና። ሁለተኛው 44 ያዘ። እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑን ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ እያደረገ የሞተ ነጥብ ፈለገ። ማጠፊያውን ቀስ ብሎ ከፍቶ ዘጋው።

ቀጥሎ ያደረገውን ማንም ቢገዛ ሳያደርግ አይክፈል። ላፕቶፑን ሪሴት አድርጎ (ወደ ፋብሪካ መነሻው መልሶ) ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ከድርጅት የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ከድርጅቱ መዝገብ ሳይሰረዙ ይሸጣሉ። እንዲሁ ሲታዩ ደህና ይሰራሉ። ሪሴት ተደርገው ኢንተርኔት ሲያገኙ ግን የድርጅቱን ኢሜይል ይጠይቃሉ፣ ካላስገባችሁ አያልፉም። ባዮሱም (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሰረታዊ ፕሮግራም) በማናውቀው የይለፍ ቃል አለመቆለፉን አየ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ ገና በቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ከበጀቴ የተረፈውን ሳይቀር አሰበልኝ። «መጠባበቂያ መያዣ ውጫዊ ዲስክ ግዢበት፤ ላፕቶፕ ይተካል፣ የደንበኛ ሂሳብ አይተካም» አለኝ። ገዛሁ። አሁን ትልቁን ፋይሌን ከፍቼ፣ ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ ገጾቼ ሁሉ ተከፍተው ማሽኑ አይጨናነቅም። በጣም አመሰግንሃለሁ ወንድሜ። እድሜና ጤና ይስጥህ።

እሱን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ለከባድ ጌምና ለ3ዲ ስራ የሚሆን ማሽን ከሆነ ግን «እዚያ ላይ ከኔ የተሻሉ አሉ» ይላል፣ እነሱን ይጠቁማችኋል። ከመደወላችሁ በፊት በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች፣ በትከሻ ትይዙት እንደሆነና ከፍተኛውን በጀታችሁን በወረቀት ጻፉ። አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ሂዱ።