በካፔሲታቢን ሕክምና ጊዜ እጄን ያቆየልኝ ባለ 10 በመቶ ዩሪያ ክሬም

ሽሮ ሜዳ ውስጥ ጥልፍ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ የሚወርደውን መስቀል በእጅ የምንጠልፍ ሰዎች እንጀራችን ከጣታችን ጫፍ ላይ ነው። የጡት ካንሰር ሕክምናዬ ወደሚዋጥ እንክብል ሲዞር ሐኪሟ «ይህኛው ፀጉር ብዙም አያረግፍም፤ እጅና እግር ግን ይነካል» ስትለኝ ክው ብዬ የቀረሁት ለዚህ ነው። ፀጉሬን ቀድሞ በሻሽ ሸፍኜው ኖሬያለሁ። እጄን በምን እሸፍነዋለሁ?

መድኃኒቱ ካፔሲታቢን ይባላል። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዋጣል፤ 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል። መዳፍና የእግር ውስጥ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ሲብስም ይላጣል። ብዙ የሚታሸውና ሙቀት የሚያገኘው ቦታ ይበልጥ ይጎዳል። የእኔ ሥራ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ መታሸት ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ምንም ሳልቀባ አሳለፍኩት፤ ምንም ስላልተሰማኝ የተረፍኩ መሰለኝ። በሁለተኛው ዙር፣ በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ መርፌ የሚያዝበት የአውራ ጣቴና የአመልካች ጣቴ ሥጋ ቀልቶ አበጠ። ክሩን ስስብ ክሩ ራሱ የሚቆርጠኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ነጩ ሸማ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የደም ጠብታ አለች። የሙሽራ ቀሚስ ነበር። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እያሸሁ አስለቀቅኳት፤ ከዚያ መርፌዬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁላችንም ቤት ያለውን ሽታ የሌለውን ቫዝሊን ነው። አላማውም። ርካሽ ነው፣ አይቆጠቁጥም፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ውሃውን ከላይ ዘግቶ ያቆየዋል። እስከ ዛሬም ማታ እግሬን የምቀባው እሱን ነው። ቀን ላይ ግን ለእኔ አይሆንም። ሸማ ቅባት ይጠጣል፤ አንዴ የነካው ቦታ ቢታጠብም ጥላው አይለቅም። በዚያ ላይ ቫዝሊን ከላይ ይከድናል እንጂ የደደረውን ቆዳ አያለሰልስም።

ዩሪያ ያለበትን ክሬም የነገረችኝ መድኃኒት የምትሰጠን ነርስ ናት። ፋርማሲ ገብቼ ስጠይቅ ወጣቱ ፋርማሲስት «እናቴ፣ ለተረከዝ ነው ለእጅ?» አለኝ። ጥያቄው ለካ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው። ዩሪያ በጤናማ ቆዳችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለ፣ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው። በ10 በመቶ መጠን ሲሆን ቆዳን ያለሰልሳል፣ ያረጥባል። 40 በመቶ ሲደርስ ግን የደደረ ቆዳ የሚያሟሟ መድኃኒት ይሆናል፤ ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚሸጠው አንዱ ዓይነት ይኸው ነው። ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። እህቴ «ጠንከር ያለው ይሻላል» ብላ ከመዋቢያ ሱቅ ባለ 40ውን ገዝታልኝ አንድ ቀን ተቀባሁ። ሌሊቱን እጄን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አነጋሁ። ስለዚህ የምርት ስም አልጠራላችሁም። የምትፈልጉት ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር ነው፦ ዩሪያ፣ 10 በመቶ፣ ሽቶ የሌለበት።

አሁን ስለ ክሬሙ ራሱ። ነጭ ነው፣ ከእርጎ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የባቄላ ፍሬ የምታህል ለሁለቱም መዳፍ ትበቃለች። ከተቀባሁ በኋላ ሰዓት አይቼ አሥር ደቂቃ እቆያለሁ፤ ከዚያ ጣቴን በንጹሕ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጫን አደርጋለሁ። ጨርቁ ላይ ምልክት ካልቀረ ሸማውን እይዛለሁ። ከሳምንት በኋላ ጣቴ እንደ ብራና መንኮሻኮሹን ተወ፤ መዳፌን ስዘረጋ ቆዳው የሚሰነጠቅ የሚመስለኝም ቀረ። መቅላቱና ማቃጠሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ መርፌ ግን መያዝ ቻልኩ።

ልጄ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ እንዳነበበችልኝ፣ በጀርመን አገር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ካፔሲታቢን የሚወስዱ 152 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሱን ባለ 10 በመቶ ዩሪያ ክሬም፣ ገሚሱን ለዚሁ ችግር ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ቅባት አስቀብቷል። የእጅና የእግር ችግሩ የታየው በዩሪያ ተቀቢዎቹ ከመቶ 22 ገደማ ሲሆን፣ በሌላው ወገን ወደ 40 ይጠጋል። ልብ በሉ፣ እነሱ መቀባት የጀመሩት ቆዳቸው ሳይጎዳ ነው። እኔ ደም ካየሁ በኋላ ጀመርኩ፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። እንክብሉ የታዘዘላችሁ ቀን ክሬሙንም ግዙ።

ጉድለቱን ልናገር። የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ ቦታ ላይ ሲነካ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባል፤ ክፍት ቁስል ላይ ጨርሶ አይቀባም። እዚያ ላይ እስኪደርቅ ቫዝሊን ብቻ ነው የማደርገው። ዋጋውም ከባድ ነው። ለእጅም ለእግርም ስቀባ አንዱ ቲዩብ ሦስት ሳምንት አይሞላኝም፤ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ፋርማሲ ሦስት ዋጋ ነግሮኛል፣ አራተኛው ጭራሽ የለውም። አንድ ዙር ሙሉ ሳላገኝ ቀርቼ ልዩነቱን በጣቴ ቆጠርኩት።

ማታ የምለብሰውን ጓንት ራሴ ሰፋሁ። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞከርኩ፤ አዲስ አቡጀዲ ሻካራ ነው፣ ቆዳዬን ፋቀው። ከዚያ ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ነጠላዬን ቀደድኩና ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፋሁት፣ ስፌቱ ጣት እንዳይነካ። ከክሬሙ ጋር ትልቁን ሥራ የሠራው ይህ ጓንት ነው ብል አላጋነንኩም። እንጀራ መጋገሩን ለልጄ ተውኩ፤ የምጣዱ ሙቀት ብቻውን መዳፌን ያነድደው ነበር። ቡናዬንም ሲኒው በረድ ሲል እይዘዋለሁ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ እንሶስላ ልታሰር ስል ደግሞ ነርሷ ከለከለችኝ፤ ቀይ ቀለሙ የቆዳውን መቅላት ስለሚሸፍን ችግሩ ሲብስ አይታይም አለችኝ። ከፋኝ፣ ግን እውነቷን ነው።

ክሬሙ የማይመልሰውም አለ። ለፋይዳ መታወቂያ ስመዘገብ አሥሩንም ጣቶቼን መሣሪያው ላይ ባስቀምጥ አሻራዬ አልነበብ አለ። ጣቴ ጫፍ ላይ ያሉት መስመሮች ጠፍተዋል። መዝጋቢዋ ልጅ እጄን በእጇ ይዛ ጣት በጣት፣ ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ የዓይኔን ብሌንና ፊቴን አንስታ ጨረሰችልኝ። ይህ በመድኃኒቱ የታወቀ ነገር መሆኑን ሐኪሟ ኋላ ነገረችኝ። ባንክ ወይም ሌላ ቦታ አሻራ የምትሰጡ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

የጨረር ሕክምና ላይ ላላችሁ፣ ይህ ክሬም ለጨረሩ ቦታ አይደለም። እዚያ የሚቀባውን የጨረር ክፍሉ ባለሙያ ይንገራችሁ። እኔ ጨረር በወሰድኩ ጊዜ ቦታውን ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቤ፣ ሳላሽ በለስላሳ ጨርቅ አደርቀው ነበር። ጨረር ሊወስዱ ሲገቡ ቅባት በወፍራሙ መለጠፍም አይገባም፤ ቆዳው ገጽ ላይ የሚያርፈውን የጨረር መጠን ይጨምረዋል።

በሦስተኛው ዙር ውሃ የቋጠረ ነገር እግሬ ሥር ወጥቶ እየተራመድኩ ለሐኪሟ «ደህና ነኝ» አልኳት። መድኃኒቱን ብትቀንሰው በሽታው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ነርሷ ጫማዬን አስወልቃ ስታየው ግን ወዲያው ጠራቻት። ሐኪሟ እንክብሉን አቋርጣ፣ እግሬ ሲድን መጠኑን ቀንሳ አስጀመረችኝ። እንዲህ ሲያም ማቆምና መቀነስ የሕክምናው አካል መሆኑን አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ክሬሙ ይህን አይተካም። ውሃ ከቋጠረ ወይም መራመድ ካቃታችሁ የሚቀጥለውን እንክብል ሳትውጡ ደውሉ።

አሁን ስድስተኛው ዙር ላይ ነኝ። በቀን የምሠራው ከቀድሞው ግማሽ ነው፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ግን በሰዓቱ ደርሷል። ባዶውን የክሬም ቲዩብ አልጥልም፤ በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ፣ አዲስ ፋርማሲ ስገባ አውጥቼ ቁጥሩን አሳያለሁ።