በጫጫ አካባቢ የላሞች ሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት፦ ንጽሕናውና ሰዓቱ

በሰሜን ሸዋ፣ በጫጫ አካባቢ ለዲቃላ ላሞቼ የተጠቀምሁበት የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት በተለይ በንጽሕና አጠባበቁ ሊመሰገን ይገባዋል። አዳቃዩ ለእያንዳንዷ ላም አዲስ ረጅም ጓንት አጥልቆ እበቱን ካስወጣ በኋላ፣ የብልቷን ከንፈር በደረቅ ወረቀት ደጋግሞ ጠረገ፤ በውኃ ቢያርሰው ኖሮ እድፉ ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። በፈሳሽ ናይትሮጂን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የቆየውን የኮርማ ዘር በ37 ዲግሪ ለብ ያለ ውኃ አቅልጦ፣ ዘሩ ያለበትን ቀጭን ቱቦ አድርቆና በማዳቀያው ላይ አዲስ የፕላስቲክ ሽፋን አልብሶ፣ እስኪጠቀምበት ድረስ ከካፖርቱ ሥር ይዞት ቆየ፤ የእኛን ደጋ ብርድ ለሚያውቅ ይህ ቅንጦት አይደለም፣ የቀለጠ ዘር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሞታልና። ቆሻሻ ወደ ማሕፀን ከገባ ቁስለት ያስከትላል፣ ላሟም ሳትፀንስ ቀርታ በ21 ቀን ገደማ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች።

ቅሬታዬ በሰዓቱ ላይ ነው፦ ጠዋት የኮርማ ፍላጎት ያሳየች ላም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መዳቀል ሲገባት፣ በበዓልና በእሑድ ጥሪው የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ያገለገለውን ጓንትም በረቱ ውስጥ ጥሎ መሄድ ከሌላው ጥንቃቄው ጋር አይሄድም።