ርካሽ መንታ ሲሊንደር ከመግዛታችሁ በፊት ትከሻው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ስኩባ ለምትጠልቁ ወገኖቼ፣ በተለይም ከአንድ የአየር ሲሊንደር ወደ መንታ (ጀርባ ላይ ተጣምረው ወደሚታዘሉ ሁለት ሲሊንደሮች) ለመሸጋገር ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ፦ «ሙሉ የመንታ ሲሊንደር ዕቃ፣ ለጥልቅ ውሃ ዝግጁ፣ 350 ዶላር ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሰሞኑን በቴሌግራም እየተቀባበላችሁት ነው። እባካችሁ አትግዙት። አንድ ጓደኛዬ ሊገዛው ቆርጦ ስለተነሳ አብሬው ሄጄ ዕቃውን አገላብጬ አይቼዋለሁ። የሻጩን ማንነት አላነሳም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ በየጋራዡ ሞልቷል፤ ይህኛው ቢቀር ነገ ሌላው ይመጣል። ለይታችሁ ማወቅ ያለባችሁ ዕቃውን ነው።

ዋጋው ለምን እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ሁለት አዲስ ሲሊንደር፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ማኒፎልድ፣ አቅፈው የሚይዟቸው የብረት ቀለበቶች፣ ባክፕሌት (ጀርባ ላይ የሚታዘል መደገፊያ ሳህን)፣ ለመንታ የተሠራ ዊንግ (በአየር ተነፍቶ የሚያንሳፍፍ ከረጢት) እና ተጨማሪ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ለመተንፈስ የሚያመቻች መሣሪያ) ሲደመሩ ከ1,500 ዶላር በቀላሉ ያልፋሉ። ሁለት ሥራ እየሠራ ቅዳሜን ብቻ ለውሃ የሚያተርፍ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ባንዴ አያወጣም። በሌላ በኩል በ1942 የሰጠመችው ዩ-352 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ኖርዝ ካሮላይና ጠረፍ ላይ 35 ሜትር ገደማ ጥልቀት ውስጥ ተኝታለች። ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ፣ በጀልባ ሄዶ፣ ዙሪያዋን እንኳ በወጉ ሳያዩ አየር ሊያልቅ ነው ብሎ መመለስ ያንገበግባል። ሻጮቹ የሚይዙን በዚህ ጉጉታችን ነው።

ወደ ሲሊንደሮቹ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም የጠላቂ ሲሊንደር ከቫልቩ ዝቅ ብሎ ትከሻው ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለው። ዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህፃረ ቃል) ከሚለው ቀጥሎ 3ኤኤል ካለ አሉሚኒየም ነው፣ 3ኤኤ ካለ ስቲል። ከዚያ የሥራ ግፊቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የሠሪው ስምና መጀመሪያ የተፈተሸበት ወርና ዓመት ይከተላሉ። በጣም አሮጌ በሆኑት አሉሚኒየሞች ላይ በ3ኤኤል ፈንታ ኢ6498 ወይም ኤስፒ6498 የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። እኛ ያየናቸው ሁለቱም ሉክስፈር የተባለ ኩባንያ የሠራቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ ፍተሻቸው የአንዱ 1984፣ የሌላው 1986 ይላል። ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አልቋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሉክስፈር ከ1972 እስከ 1988 አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሠራቸው የጠላቂ ሲሊንደሮች 6351 ከሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ዋልተር ኪዲ የተባለው ኩባንያም በዚሁ ቅይጥ ይሠራ ነበር። ይህ ቅይጥ ለዓመታት ግፊት ተሸክሞ ሲቆይ አንገቱ ላይ፣ የቫልቩ ጥርስ በሚገባበት ቦታ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። ሲብስ ሲሊንደሩ ይፈነዳል፤ ብዙውን ጊዜም የሚፈነዳው ሲሞላ ነው። አደጋው በቅድሚያ የሚደርሰው እንግዲህ በገዢው ላይ ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆሞ በሚሞላለት ሠራተኛ ላይ ነው። ሉክስፈር በ1988 ወደ 6061 ቅይጥ ተሻግሯል። ካታሊና የተባለው ሠሪ ግን ለጠላቂ የሠራቸውን ሲሊንደሮች በ6351 ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ ከ1990 በፊት የተፈተሸ አሉሚኒየም ስታዩ ቅይጡ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥላችሁ ድረስ 6351 ነው ብላችሁ ያዙት።

የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እነዚህን ሲሊንደሮች ጨርሶ አልከለከለም። ማንኛውም የጠላቂ ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ የውሃ ግፊት ፍተሻ ያልፋል። የ6351ዎቹ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ከዚያ በተጨማሪ አንገታቸው ኤዲ ከረንት በሚባል መሣሪያ እንዲፈተሽ ደንቡ ያስገድዳል፤ ላለፈው ከቀኑ ቀጥሎ «ቪኢ» የሚል ይቀረጽበታል። ሻጩ «ሕጋዊ ናቸው፣ ማንም አልከለከላቸውም» ሲለን ዋሽቷል ማለት አይቻልም። የደበቀን ነገር ግን አለ፦ ምልክቱ ቢኖር እንኳ ብዙ የዳይቭ ሱቆች እነዚህን ሲሊንደሮች አንሞላም ይላሉ። ለሠራተኞቻቸው ሕይወት ብለው ነውና እኔ አልፈርድባቸውም። የሚሞላላችሁ ካጣችሁ ሲሊንደሩ ምን ያደርግላችኋል?

የእነዚያ የሁለቱ የመጨረሻ የግፊት ፍተሻ 2011 ላይ ቆሟል። ቪኢ የሚል አንዳቸውም ላይ የለም። ሆድ ሆዳቸው ላይ ግን የዓይን ፍተሻ ማለፋቸውን የሚናገር፣ አዲስ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ አለ። ተለጣፊ አያታላችሁ። በየዓመቱ የሚደረገው የዓይን ፍተሻ ጥሩ ነገር ነው፤ የግፊት ፍተሻውን ግን አይተካም። የግፊት ፍተሻ ማስረጃው ብረቱ ላይ ተቀርጾ ነው የሚገኘው፦ ወር፣ ዓመት፣ በመካከላቸው ደግሞ የፈታሹ ድርጅት መለያ የሆኑ አራት ፊደልና ቁጥሮች በካሬ ቅርጽ ተደርድረው። ይህ ከሌለ የሻጭ ቃል ብቻ ነው የያዛችሁት። አዲስ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየምም ያስጠርጥራችሁ፤ ቀለሙ በምድጃ ሙቀት የተጋገረ ከሆነ ብረቱን አዳክሞት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ማኒፎልዱ ነው። መንታ የምንሸከመው አንድ ነገር ሲበላሽ የቀረው አየር እንዲተርፈን ነው። ዛሬ የሚሠራው ማኒፎልድ ሦስት መዝጊያ አለው፤ በቀኝና በግራ ለየሬጉሌተሩ፣ በመካከል ደግሞ ሁለቱን ሲሊንደር የሚለያየው አይሶሌተር። አንዱ ሬጉሌተር አየር መልቀቅ ቢጀምር የእሱን መዝጊያ ትዘጉና የሁለቱንም ሲሊንደር አየር በሌላኛው ትተነፍሳላችሁ። ቫልቩና ሲሊንደሩ የሚጋጠሙበትን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ) ቢበጠስ ግን የጎን መዝጊያዎቹ አይረዷችሁም። ያኔ አይሶሌተሩን ዘግታችሁ ቢያንስ ግማሹን ታተርፋላችሁ። እዚያ ማስታወቂያ ላይ ያለው አሮጌ ማኒፎልድ አይሶሌተር የለውም። አንድ ኦሪንግ ከሄደ ሁለቱም ሲሊንደር ይራገፋል። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክማችሁ የገዛችሁት ዋስትና በዚያች አንዲት ኦሪንግ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

«ማኒፎልዱን ብቻ በሌላ እለውጠዋለሁ» ለምትሉም አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የሲሊንደር አንገት ጥርስ 3/4 ኢንች ነው፤ የአውሮፓው ኤም25 ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት በጣም ያስቸግራል። የኤም25 ቫልቭ 3/4 ኢንች ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዙር ገብቶ የያዘ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን በትክክል አልተናከሰም። ግፊት ሲገባበት ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ፊት ለፊቱ ያለ ሰው አይተርፍም። ከውጭ አገር በርካሽ ያዘዛችሁት ማኒፎልድ ላይ የጥርሱ ዓይነት ተጽፎ ካላገኛችሁ፣ ከሲሊንደሩም ጋር አንድ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ካላረጋገጠላችሁ፣ በፍጹም አትግጠሙት።

ሻጩ ለጓደኛዬ «አሁን ያለህ ዕቃ ሁሉ ይሠራል፣ ሌላ ወጪ የለብህም» ብሎታል። ይህ ሐሰት ነው። አሁን ያለው ማንሳፈፊያ ጃኬት የተሠራው ለአንድ ሲሊንደር ነው። የነጠላ ዊንግም ቢሆን ጠባብ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳውም 30 ፓውንድ ገደማ ነው። መንታ ከ40 እስከ 60 ፓውንድ የሚያነሳ ሰፊ ዊንግ ይፈልጋል። ሬጉሌተርም እንዲሁ፤ መንታ ሁለት ፈርስት ስቴጅ (ቫልቩ ላይ የሚታሰረው የሬጉሌተር ክፍል) ይፈልጋል። በቀኙ በኩል 2 ሜትር የሚሆነው ረጅም ቱቦና የዊንጉ መንፊያ ይሄዳሉ፣ በግራው ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ተጠባባቂ መተንፈሻና የግፊት ጌጁ። ጓደኛዬ ቤቱ ካለው ዕቃ ጭንብሉ፣ የእግር መቅዘፊያው፣ ኮምፒውተሩና አንዱ ሬጉሌተር ብቻ ናቸው የሚያገለግሉት። 350 ዶላሩን ከከፈለ በኋላ ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠብቀው ነበር፣ ያውም ለማይሞላ ሲሊንደር።

ከሰሜን ፍሎሪዳ ዋሻ ጠላቂዎች እጅ የሚመጣ ያገለገለ የስቲል መንታም በርካሽ ይቀርባል። ስቲል የ6351 ችግር የለበትም፤ ውስጡ ካልዛገ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ነገር ግን የሥራ ግፊቱ 2,400 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሆነውን ሲሊንደር እዚያ ለዋሻ እስከ 3,600 የመሙላት ልማድ አለና ሻጩ «3,600 ይይዛል» ብሎ ሲያሞግሰው እንደ ጉድለት ቁጠሩት። ሌላው ክብደቱ ነው። ስስ ዌትሱት (የጎማ መጥለቂያ ልብስ) ለብሶ የስቲል መንታ መሸከም አደገኛ ነው። ጥልቀት ላይ ልብሱ ተጨምቆ ማንሳፈፉን ያቆማል፤ ዊንጉ ቢቀደድ በእግር ቀዝፎ መውጣት አይቻልም። በዌትሱት ለሚጠልቅ ሰው የ6061 አሉሚኒየም ይሻላል። ጥንድ አሉሚኒየም 80 (80 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ አየር የሚይዘው የተለመደ ሲሊንደር) ሲሞላ የሚይዘው አየር ብቻውን 12 ፓውንድ ይመዝናል፤ ሲራገፍ ደግሞ ሲሊንደሮቹ ወደ 8 ፓውንድ ያህል ወደ ላይ ይስባሉ፣ ይህን ልዩነት ባክፕሌቱና ማኒፎልዱ በከፊል ያቻችሉታል።

ስለ አየሩ መጠን የሚያሳስበኝን ሳልናገር አላልፍም። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 4 እጥፍ ነው። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 80 ሊትር ይፈጃል። አንድ አሉሚኒየም 80 ወደ 2,200 ሊትር ይይዛል፤ መጠባበቂያ ሲቀነስ 20 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። የተለመደው የመዝናኛ ጠላቂ ሰንጠረዥ በአየር 30 ሜትር ላይ ያለ ማቆሚያ (ስትወጡ መንገድ ላይ ቆማችሁ ናይትሮጅን ማስወጣት ሳያስፈልግ) የሚፈቅደውም 20 ደቂቃ ነው። ሳናስበው ነጠላው ሲሊንደር ልጓም ሆኖልን ኖሯል። 4,400 ሊትር ስትሸከሙ ልጓሙ ይወልቃል፤ አየሩ ገና ሳያልቅ ሰውነታችሁ በናይትሮጅን ተሞልቶ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት የማይቻልበት ደረጃ ትደርሳላችሁ። ሥልጠና ያልወሰደ ሰው መንታ ሲሊንደር በርካሽ ሲገዛ የሚያስፈራኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው። ከጀርባችሁ ያሉትን ሦስት መዝጊያዎች ሳታዩ፣ ጥልቀታችሁን ሳትለቁ፣ በሰከንዶች ውስጥ መዝጋትና መክፈት መቻል አለባችሁ። ይህን የሚያስተምረው መጽሐፍ ወይም ቪዲዮ አይደለም፤ አጠገባችሁ የሚዋኝ አስተማሪ ነው።

ገንዘብ ለሌለው ሰው መንገዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ለመንታ ሲሊንደር ኮርሱ ክፈሉ። ብዙ አስተማሪዎች ለኮርሱ ጊዜ መንታውን ያከራያሉ፤ ተሸክማችሁት ወገባችሁ እንኳ ይቀበለው እንደሆነ ትፈትኑበታላችሁ፣ ሙሉው ዕቃ ከ40 ኪሎ በላይ ነውና። እስከዚያ ድረስ ለዩ-352 የሚበቃው 30 ወይም 40 ኪዩቢክ ጫማ የምትይዝ ትንሽ ተጠባባቂ ሲሊንደር ከራሷ ሬጉሌተር ጋር ነው። ያ ሬጉሌተር በኋላ የመንታው ሁለተኛ ሆኖ ስለሚያገለግል ገንዘቡ አይባክንም። ቀጥሎ አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት የ6061 ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ግዙ፣ በነጠላ ተጠቀሙባቸው፤ ማኒፎልዱ ሲደርስ አንድ ላይ ታስሯቸዋላችሁ። ባክፕሌትና ቀለበት ያገለገለ ብትገዙ ምንም ችግር የለውም፤ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ካልሆነ ያው ብረት ነው። ማኒፎልድ ግን በአዲስ ግዙ።

6351 ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አታስሞሉት። ውስጡ አየር ካለ ቫልቩን በጥቂቱ ብቻ ከፍታችሁ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ተሞልቶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ከዚያ ወደ ፍተሻ ጣቢያ ውሰዱትና ዳግም እንዳይሞላ አድርገው ያስወግዱላችሁ። ገንዘቤን ላስመልስ ብላችሁ ለሌላ ሰው እንዳትሸጡት።

ልትገዙ የምታስቡት ዕቃ ካለ ከመሄዳችሁ በፊት የሁለቱንም ሲሊንደር ትከሻና የማኒፎልዱን መካከል በቅርብ ርቀት ያነሳ ፎቶ ሻጩን ጠይቁት። ፎቶውን ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።