የራፋኤል ማርያም በስንት? አሮጌ ሕትመት፣ አዲስ ሕትመት ወይስ ዳውንሎድ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «የራፋኤልን ማርያም ሕትመት በስንት ልግዛ፣ የትኛውንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዱ ለክርስትና ስጦታ፣ አንዷ ለአዲስ ቤቷ፣ ሌላው ደግሞ «ኢንቨስትመንት ነው ሲሉ ሰምቼ» ብሎ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የማወራው በመዳብ ሰሌዳ ላይ በእጅ ተቀርጸው ስለታተሙ ሥዕሎች ነው። ፎቶ ባልነበረበት ዘመን ጣሊያን ሄዶ ማየት ያልቻለ ሰው የጣሊያኖቹን ሰዓሊዎች የራፋኤልንና የሌዎናርዶን ሥዕል የሚያውቀው በእነዚህ ነበር። ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ሮም ላይ በ1591 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች (እነሱ እንኳ የእንጨት ቅርጽ ናቸው) እኛ ዘንድ ደርሰው የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች ቀድተዋቸዋል።

መጀመሪያ አሮጌውን፣ ማለትም በ1800ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የታተመውን። እዚህ ፓሪስ አንድ የእሁድ ገበያ ላይ «የመጨረሻው እራት»ን በ220 ዩሮ ገዛሁ። ሻጩ የሞርገን ነው አለኝ። ራፋኤል ሞርገን (ሰዓሊው ራፋኤል አይደለም፣ ይሄኛው ቀራጭ ነው) በ1800 ያወጣው ሕትመት ዝነኛ ነው፤ ሚላን ያለው ዋናው ሥዕል ያኔ ከግድግዳው እየተላጠ ስለነበር ስንቱ ሰው የሌዎናርዶን ሥዕል የሚያውቀው በሱ ነው። ሰሌዳው ወረቀቱን የረገጠበት ጠርዝ አለ። ከታች ስም አለ። ወረቀቱ ቢጫ ነው። ምን ቀረኝ? ቤት ገብቼ የይሁዳን እጅ በአጉሊ መነጽር ሳየው ነጠብጣብ! እንደ ጋዜጣ ፎቶ ነጠብጣብ ብቻ። የመዳብ ቅርጽ መስመር ነው ያለው፤ መሃሉ ወፈር ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ያ የረገጠ ጠርዝም ለማታለል ተብሎ በባዶ ብረት የተጫነ ነበር። ሰውዬው በሚቀጥለው እሁድ የለም።

ሁለተኛው ግዢዬ እውነተኛ ነበር፤ የባሰ ያከሰረኝም እሱ ነው። ጀርመን አገር ድሬስደን ያለችው የራፋኤል እመቤታችን፣ ከሥሯ ሁለቱ ሕፃናት መላእክት ያሉባት፣ ፍሪድሪኽ ሙለር የቀረጻት። (ምስኪኑ ሙለር ሰሌዳው ባለቀበት ዓመት፣ በ1816፣ ሞተ።) 150 ዩሮ ከፈልኩ፣ ርካሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፍሬሙን ስፈታው ወረቀቱ ከነጀርባው ርካሽ ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፏል። የካርቶኑ አሲድ ዙሪያውን ቡናማ አድርጎ በልቶታል። የወረቀት እድሳት ባለሙያ ጋ ወሰድኩት፣ 350 ዩሮ አሉኝ። ሥዕሉ 150፣ ሐኪሙ 350! አንድ ወዳጄ ደግሞ የራሱን ሕትመት ቡናማ ነጠብጣብ «በበረኪና ላጥበው» ብሎ አጠበው። እውነትም ነጣለት። አሁን ወረቀቱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

እኔ የምመክረው ከአሮጌው ሰሌዳ ዛሬ የሚታተመውን ነው። የፓሪሱ ሙዚየም ሉቭር ካልኮግራፊ የሚባል የሰሌዳ ክፍል አለው፤ በ1797 የተቋቋመ፣ ከ13 ሺህ በላይ ሰሌዳ ያለው። ከሰሌዳዎቹ አሁንም በእጅ ያትሙና ይሸጣሉ። ሮምም ከ1738 ጀምሮ ሰሌዳ የሚሰበስብ ተመሳሳይ ተቋም አላት። ለእኔው 90 ዩሮ ከፈልኩ፣ ፍሬም 60። አለቀ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ጥገና የለ፣ «እውነተኛ ነው ወይ» ብሎ መጨነቅ የለ። ጓደኛዬ «ወረቀቱ አዲስ ከሆነ ምኑን አሮጌ ሆነ?» አለኝ። እርሾው የአያትህ ከሆነ እንጀራው ዛሬ ቢጋገር ምን አለበት አልኩት።

እንከን የለውም አልልም። መዳቡ እንዳያልቅ ሰሌዳዎቹ ላያቸው በብረት ይለበጣል፤ ብዙዎቹ የተለበጡት ግን ብዙ ከታተሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊት ላይ ያለው ስስ ጥላ አንዳንዱ ላይ ሳስቷል። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ጉንጩ ግን ነጣ ይላል። ከመክፈላችሁ በፊት ፊቱን እዩ። ሌላው ደግሞ ሉቭር ወረቀቱ ላይ ቀለም የሌለው ማኅተም ይጫንበታል። ጠርዙን ቆርጦ ማኅተሙን ካጠፋ በኋላ «የሉዊ 14ኛ ዘመን ነው» ብሎ በአራት እጥፍ የሚሸጥ አለ። ስለዚህ ከሙዚየሙ ሱቅ ግዙ። ከሌላ ሰው ከገዛችሁ ኅዳጉ ሙሉ ይሁን።

ዳውንሎዱስ? የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ የነዚህን ሕትመቶች ፎቶ በነፃ ለቋል፣ የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምም እንዲሁ። ጥሩ ወረቀት ላይ ማሳተም 25 ዩሮ ፈጀብኝ። ለልጆች ክፍል በቂ ነው። ግን ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተኝቷል፤ በመዳቡ ሕትመት ላይ ግን ጥቁሩ ቦታ በጎን ብርሃን ሲታይ ከፍ ብሎ ይታያል። ለስጦታ አልሰጠውም። (ለጸሎት ከሆነ ግን ሦስቱም ይቅሩ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።)

የትኛውንም ብትገዙ ፍሬም ሠሪው አሲድ የሌለው ካርቶን ይጠቀም፤ ሙጫ የሚባል ነገር ጀርባው ላይ እንዳያስነካ። 15 ዩሮ ይጨምራል። ክፈሉ።

የ220 ዩሮው ይሁዳ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ያምር አይደል ይላል፣ እኔም ዋጋውን አልናገርም።